ያልተቆጠረችው እህት

"ከቤተሰባችሁ በድንገት የሞተ ሰው አለ?" አለች የልብ ሐኪሟ።

በያጁ ቶሎ መለሰ... "የለም።"

ውሸቱን ነው።

የአስራ ሁለት ዓመት ልጁ ትምህርት ቤት ስትሮጥ ሁለቴ ራሷን ስታ ወድቃለች... አሁን ውጭ ቁጭ ብላ ስልኩን ትነካካለች።

አልትራሳውንዱ የልቧ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈሩን አሳይቷል።

የዘረመል ምርመራው ደግሞ የበሽታውን ዓይነት ለይቶታል... በዘር የሚወረስ ነው። ከአያቷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እሷ።

አያት፣ የበያጁ እናት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል... ሰባ ዓመታቸው ነው፣ አንድም ቀን ልቤን ብለው አያውቁም።

ሐኪሟ የቤተሰቡን ሐረግ ወረቀት ላይ እየሳለች ነው... ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን።

"በድንገት የሞተ ከሌለ በመድኃኒት እንከታተላታለን። ካለ ግን ልቧ ቀጥ ቢል የሚያስነሳ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ውስጥ እናስገባለን... እስቲ ደህና አድርገው ያስቡ።"

በያጁ አቀረቀረ።

እህት ነበረችው... በሃያ ዓመቷ ውሃ ውስጥ ሞታ የተገኘች።

በዚያው ጠዋት ከእናቷ ጋር ተጣልታ ነበርና ሰፈሩ "ራሷን ጥላ ነው" አለ። ቤተሰቡም አመነ።

ፎቶዋ ከግድግዳ ወረደ። እናትየውም ሲጠየቁ "የወለድኩት አንድ ነው" ማለት ለመዱ።

ገመና ነዋ... ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

"አንድ ክብ ጎድሏል" አሉ አያት።

"እማዬ፣ ተይው በቃ።"

"ዝም በል አንተ። ልጅህ ልትሞትብህ ነው።"

ሁሉንም ነገሯት።

"ዋና ትችል ነበር?" አለች ሐኪሟ።

"እሷን የሚያህል ዋናተኛ አልነበረም።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እናቴ... እንዲህ ያለ ልብ ሰው ሲዋኝ ድንገት ሊቆም ይችላል። ይሄን ያህል ዓመት ቆይቶ እርግጡን መናገር አልችልም። ግን ራሷን ያጠፋች አይመስለኝም።"

አያት አላለቀሱም።

በያጁም አላለቀሰም... ደንዝዟል። ይሄን ሁሉ ዓመት እህቱን ተቀይሟት ኖሯል፤ አሁን ቅያሜውን የት እንደሚያደርገው አያውቅም።

"ለልጅቷ መሣሪያው ይገባላታል" አለች ሐኪሟ፣ ክቧን እየሳለች። "ስሟን ማን ልበል?"

አያት አፋቸውን ከፈቱ... ስሙ አልወጣ አላቸው።

በያጁ ጠራላቸው።

ወገኖቼ... ገመና ብለን የደበቅነው ሞት የቀረውን ልጅ ይዞብን ሊሄድ ይችላል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ከሟቾቻችሁ አንድም አታጉድሉ።

እናንተ ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው አለ? እንዴት እንደሞተስ የነገራችሁ ማነው... ሐኪም ወይስ ሰፈር? እስቲ ኮመንት ላይ አውሩኝ።