ሁለት የክብር ወንበሮች

ኮምፒውተሩ ስለ ማርና ስለ ሳል የተሠሩ የአሥራ አንድ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አጠቃልሎ ሲጨርስ፣ ስክሪኑ ላይ ካወጣው ሥዕል ግርጌ የአልማዝ ቅርጽ ያላት ትንሽ ምልክት ብቅ አለች። ምልክቷ መሐል ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ከነካች፣ ማር የልጆችን ሳል ማስታገሱ አልተረጋገጠም ማለት ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ የሠራችው ተማሪ የሁለት ዓመት ድካምም ውኃ በላው።

አልነካችም! ለጥቂት አመለጠች። ተማሪዋ እንደ ተቀመጠች እስክስታ ወረደች።

"አንቺ፣ ሶፍትዌር ነው ወይስ ሎተሪ?" አላት ጓደኛዋ ምንተስኖት።

"ዝም በል! ይልቅ እነዚህን ሁለት ጥናቶች እያቸው። ዶክተር ደምሰው አገር ውስጥ መጽሔት ላይ፣ ዶክተር ወርቅነህ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ነው ያሳተሙት። ውጤታቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው! አንዳቸው ቢጎድሉ አልማዜ መስመሩ ላይ ትወድቅ ነበር።"

"በይ እንግዲህ፣ ለምርቃትሽ ጥሪያቸዋ!"

ምርቃቱን እንኳ አልጠበቀችም። ጽሑፏን ለፈታኞች በምታቀርብበት ቀን እንዲገኙላት ለሁለቱም ደብዳቤ ላከች። ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር አስቀምጣ ስማቸውን ለጠፈችባቸው።

ፈታኞቹ ቦታቸውን ሲይዙ አንድ ሽበታም ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። በእጃቸው ሁለት ደብዳቤ ይዘዋል።

"ደምሰው ወርቅነህ እባላለሁ" አሏት፣ ፊታቸው በደስታ እያበራ። "ለአንዲት ጥናት ሁለት ጥሪ! እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። የትኛው ላይ ልቀመጥ፣ ልጄ?"