በአምባሩ ላይ የሚጻፈው ስም

«ምረጪ እንግዲህ» አሉ ባላምባራስ ሞላ። «በእጅ ይሁን በመኪና? ጌጡ ያንቺ ነው።»

ካሰች የባሏ አባት የዘረጉላትን የብር አምባር አየችው እንጂ አልነካችውም። ሰርጓ ካለፈ ሦስት ሳምንቱ ነው። ከአርብ ገበያ ተነሥታ፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድራ፣ ከባላምባራስ በቅሎ ኋላ ኋላ ስትራመድ ንፋስ መውጫ መግባቷ ነው። ባሏ አውድማ ላይ ቀርቷል። አባቷ በሞቱ በዓመቱ ወንድሟ ለእነዚህ ሰዎች ሲድራት የጠየቃት አልነበረም። «ምረጪ» የሚል ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ ይኸ የመጀመሪያዋ ነው።

ጣልያን በሠራው መንገድ ዳር ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ናቸው። በቆርቆሮው ቤት ተክሌ የሚባል ጎልማሳ ከአስመራ ያመጣት የመቅረጫ መኪና አለች። ቀጥሎ ካለው የሳር ጎጆ ደጃፍ ደግሞ ሽማግሌው አንጥረኛ፣ አያ ጣሰው፣ ወናፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«በመኪና ከሆነ አፍታም አይፈጅ» አለ ተክሌ። «ፊደሉ ልክ እንደ መጽሐፍ ነው የሚወጣው። ስሟን ማን ልበል?» እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«የኛነሽ» አሉ ባላምባራስ።

ተክሌ ወረቀት ላይ ጻፈው። ካሰች በትከሻው በኩል አጮልቃ አነበበችው፤ አራት ፊደል። ስሙን የሰርጉ ዕለት ያወጣችላት የባሏ እናት ናት። የአገሩ ወግ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በግቢው ውስጥ ካሰች ብሎ የጠራት የለም። ካሰች ያለቻት የገዛ እናቷ ነበረች፤ ከእሷ በፊት በሞተባት ልጅ ፈንታ፣ «ይቺስ ካሰችኝ» ብላ።

ማንበብ እንደምትችል እነባላምባራስ አያውቁም። መሪጌታ አባቷ ዳዊት እስክትደግም አስተምረዋት ነበር፤ ወንድሟ ግን ለሽማግሎቹ የነገራቸው ጉልበቷን ብቻ ነው።

ባላምባራስ ልባቸው መኪናዋ ላይ ነው። በመኪና የተጻፈ ጌጥ በአገራቸው በታች ጋይንት ገና ማንም ሙሽራ አላደረገችም። ካሰች ግን ወደ ጎጆው ዞረች።

«አያ ጣሰው፣ ፊደል ያውቃሉ?»

«ከየት አውቄ፣ ልጄ! ሰው ከጻፈልኝ ግን አንዲት ጭረት አላጎድልም።»

«በእጅ ይሁንልኝ» አለች።

የባላምባራስ ፊት ጠቆር አለ። ሰው እየሰማ «ምረጪ» ብለዋልና መመለስ አልቻሉም። «ይሁን» አሉ፤ ወደ አንጥረኛው ዞረው «በል አንተ፣ ይኸ ልጅ ከጻፈው ላይ ቅዳ።» ለበቅሏቸው ድርቆሽ ሊፈልጉ ወደ ገበያው ወረዱ።

ተክሌ ቅር ብሎት ወረቀቷን ሰጣትና ወደ ቤቱ ገባ። ካሰች ጨምድዳ ፍሙ ላይ ጣለቻት። ከምድጃው ዳር ከሰል አንሥታ የአያ ጣሰው ጣውላ ላይ ሦስት ፊደል ጻፈች። እጇ ከፊደል ከተለያየ ቆይቷል፤ «ች»ን ሁለት ጊዜ አጥፍታ እንደገና ጻፈቻት።

ሽማግሌው ጣውላውን ሲያዩ ቆዩ። «ወረቀቷ ላይ የነበረው ረዘም ይል ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ይኸስ ምን ይላል?»

«ስሜን።»

አያ ጣሰው ወደ መንገዱ አዩ። ሰዉ ቡዳ እያለ የሚሸሻቸው፣ አንድ ባለ ማዕረግ ቢቆጣቸው የሚያስጥላቸው የሌለ ሰው ናቸው። ካሰች ይህን አሰበች። በቃ ይተዉት ልትላቸው አፏን ስትከፍት ሽማግሌው ሹሏን ብረት አንሥተው የመጀመሪያዋን ጭረት አሳርፈው ነበር።

ሲጨርሱ አምባሩን ክንዷ ላይ አግብተው ጫፍና ጫፉን በመዶሻ ገጠሙት። «እንግዲህ ካልተቆረጠ አይወጣም» አሉ።

ባላምባራስ ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም። የቤተ ልሔሙን የድጓ መምህር፣ የኔታ ገብረ ኢየሱስን፣ ገበያ ላይ አግኝተው ይዘዋቸው መጥተዋል። ካሰች ስታያቸው አምባሩን በነጠላዋ ሸፈነች። የአባቷን ፍትሐት ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ ካሰች መባሏን ያውቃሉ።

«እስቲ ያንብቡልኝ፣ የኔታ» አሉ ባላምባራስ። «ይኸ ሰውዬ አበላሽቶት እንደሆነ እዚሁ አስፍቄ በመኪና አስጽፈዋለሁ።»

የኔታ እጇን ይዘው አምባሩን ወደ ብርሃን አዞሩት። በልባቸው አነበቡት። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። አያ ጣሰው ወናፋቸውን ማናፋት አቆሙ።

«ምን ይላል?»

«የልጅቱ ስም ነው» አሉ የኔታ። «ደህና አድርጎ ነው የጻፈው።»

ባላምባራስ ሳቁ። «ለካ እጅም ያውቅበታል!» ብለው በቅሏቸውን ሊጭኑ ሄዱ።

የኔታ መስቀላቸውን አሳለሟት። ካሰች እጃቸውን ቶሎ አልለቀቀችም። አንድ ነገር ይላሉ ብላ ጠበቀች፤ ለወንድሜ እነግረዋለሁ፣ ወይ አባትሽ ቢኖሩ፣ የሆነ ነገር። እሳቸው ግን ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በመንገዱ ዳር ዳር ሄዱ። እስኪታጠፉ ድረስ አየቻቸው።

«የኛነሽ!» ባላምባራስ በቅሎ ላይ ወጥተው ነበር።

«አቤት» አለች፣ አምባሩን በሌላው እጇ ጨብጣ።

ወዲያው ነበር ያለችው። እስከ ትናንት በዚህ ስም ሁለት ጊዜ ካልተጠራች አፏ እሺ አይላትም ነበር።