ሰላሳና ስልሳ

የሰላሳ ሁለት አምፔሩ ካርቶን አልተከፈተም። ልጅቷ ጣቷን በቴፑ ላይ አስሄደችው፤ ልክ እንደመጣ ነው። ከጎኑ ካለው የስልሳ ሦስት ካርቶን ግን አንድ ብሬከር ጎድሏል። የዛሬውን የእቃ ማውጫ ወረቀት ገለበጠች። በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ በአባቷ ስም፣ «ስልሳ፣ አንድ ፍሬ» ይላል።

ክው አለች። እዚህ መጋዘን ሰላሳ ሁለቱን «ሰላሳ»፣ ስልሳ ሦስቱን «ስልሳ» ብሎ መቁረጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ሻጩም ገዢውም እንዲያ ነው የሚጠራው። አባቷ ጠዋት እቃ ለማዘዝ ሲደውሉ ፎርክሊፍቱ አጠገቧ ይጮህ ነበር። ያሉት ሰላሳ ነው። አሁን ቁልጭ ብሎ ይሰማታል፤ ያን ጊዜ ጆሮዋ የት ሄዶ ነበር?

ሌላ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቢሆን እቃው ላይ የተጻፈውን አይቶ፣ ስቆባት ይመልሰው ነበር። አባቷን ግን ዓይናቸው ከከዳቸው ዓመት አልፏል። ገመዱን በጣታቸው፣ ብሎኑን በልምድ ነው የሚያገኙት፤ ደቃቅ ጽሑፍ አይታያቸውም። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ከልጄ እጅ የመጣ እቃ አይነበብም» እያሉ ደንበኞቻቸውን ያስቃሉ፤ ሰው ሁሉ ኩራት ይመስለዋል።

ዛሬ የሚሠሩት ሕፃናት ማቆያ ነው። አዲስ የውሃ ማሞቂያ፣ በአሮጌና ቀጭን ገመድ። ሰላሳው ገመዱ ሳይግል ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል። ስልሳው ግን ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ሲነድ ዝም ብሎ ያያል።

ደወለች። አያነሱም። ደግማ ደወለች።

«የፋብሪካው ትዕዛዝ ምን ደረሰ? መኪናው ሞተር አስነስቶ ቆሟል እኮ!» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ከበሩ። ቶሎ ስለሚቃጠል ሠራተኛው ሁሉ ፊውዝ ነው የሚለው።

«ይቁም» አለችው።

ፊውዝ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

በሦስተኛው አነሱ። «ልጄ! ጨርሻለሁ እኮ። ልናበራው ነው። የማቆያዋ ኃላፊም እዚሁ ናት፣ ድምፅሽን ትስማው ብዬ ስልኩን ላውድ አድርጌዋለሁ።»

«አባባ፣ እንዳያበሩት! ብሬከሩ ላይ ምን ይላል? ያንብቡልኝ።»



«ሰላሳ ሁለት ነዋ። ሌላ ምን ሊል ኖሯል?»

«አይተውት ነው?»

«አየሁት አልኩሽ እኮ!» ሳቁ። ሳቁ ግን ከጉሮሯቸው አላለፈም።

ዓይኗን ጨፈነች። አባቷ ለእሷ ዋሽተው አያውቁም። «እቃው ብልሽት አለበት፣ ድርጅቱ ይመለስ ብሏል» ብትል ልጆቹም ይተርፋሉ፣ እሳቸውም ከነክብራቸው ይወጣሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገስ? ነገ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሻጭ።

«አባባ፣» አለች፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰላሳ ሲሉኝ ስልሳ ሰምቼ ነው የሰጠሁዎት። እርስዎ ግን አላዩትም።»

 ከስልኩ ማዶ ሕፃናት ይንጫጫሉ። በሰው ፊት አዋረደቻቸው፤ ያውም እንጀራቸውን የሚበሉበትን ስም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ አልጠረገችውም።

«እህቴ» አሉ አባቷ በመጨረሻ፣ ለእሷ ሳይሆን ለኃላፊዋ። «እስቲ ይህችን አንብቢልኝ። ዓይኔ አይደርስባትም።»

«ስልሳ ሦስት» አለች ሴትዮዋ።

ወዲያው የካቻቢቴ ድምፅ ተሰማ። ብሎኖቹን መልሰው እየፈቱ ነው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ።

«ሰላሳውን አንቺው አምጪው» አሉ ቀስ ብለው። «ለሾፌር እንዳትሰጪ። ስንመለስም አብረን እንሄዳለን። መንገድ መሻገር ከከበደኝ እኮ ሰነባበተ፤ መኪኖቹን በድምፃቸው ነው የማልፋቸው።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። እስከ ዛሬ ዓይናቸው የደከመው ለጽሑፍ ብቻ ይመስላት ነበር።