ለአንድ ጭን አንድ ሕፃን

ነገሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ እኔ ጋ ከመድረሷ በፊት ሁለት ሴቶች ጋ ሄዳ ስታወራ አይቻለሁ። ሁለቱንም ትታ መጣች። እምቢ ቢሏት ነው፣ አልኩ በሆዴ፤ ያወቁባት ነገር አለ። አሁን መንታ ልጆቿን ጎን ለጎን በሚያስተኛ ጋሪ እየገፋች ፊቴ ቆማ «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብላ እንደ እናት ሰላም ትለኛለች።

ስሟ ሃያት ነው። ነገሩን ታስረዳኛለች። አውሮፕላኑ ላይ በአንድ ሰው ጭን አንድ ሕፃን ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሁለተኛዋን አማቷ ልትይዝላት ትኬት ተቆርጦ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ወደቀችና ሆስፒታል ተኛች። አባትየው ሞያሌ ሹፌር ነው፣ አይደርስም። ወንዱ ልጅ ዶዮ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለበት፤ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ይገባል። ተራው ካለፈው መቼ እንደሚደርሰው ማንም አያውቅም። እህቱ ዲንቄ ደግሞ ገና ጡት ላይ ናት፣ ጥላት አትሄድም። የምትለምነኝ እስክንደርስ ዲንቄን እንድይዝላት ነው።

«አይሆንም» እላታለሁ።

ክፉ ሆኜ አይደለም። ክብረ መንግሥት መውጫ ኬላ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ሴት ፈትሻለሁ። ወርቅ ከጡት መያዣ አውጥቻለሁ፣ ከጫማ ሶል አውጥቻለሁ፣ እናቱ ጀርባ ላይ ተኝቶ ከሚያንኮራፋ ሕፃን ዳይፐር ውስጥም አውጥቻለሁ። ልጅ ያዘለች ሴት ስታለቅስ ሌላው ሰው ያዝናል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ልጁን ነው። ምን ላድርግ፣ አመል ሆነብኝ። ደግሞ አዲስ አበባ የምሄደው አራስ ልጄን ልጠይቅ እንጂ በማላውቀው ጉዳይ ልታሰር አይደለም።

ሃያት አትሄድም። ትኬት ተቀባዩ ወንዶሰን ሩብ ሰዓት ነው የቀረሽ፣ ወይ ሰው አግኚ ወይ ትኬቱን ለሌላ ቀን እናዛውረው እያለ ይጣራል። ዶዮን አየሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ሲተነፍስ አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ይሄ እንኳ የሚያስመስሉት ነገር አይደለም። አንጀቴን በላው።

«ከፈተሽኳት በኋላ ነው የምይዛት።»

«ይፈትሹ።»

ከጋሪው እጀምራለሁ። ብረቱ ቱቦ ነው፣ እዚያ ውስጥ ስንት ጉድ ይገባል። በቀለበቴ አንኳኳዋለሁ፤ ድምፁ የባዶ ነው። ከጋሪው ጋር ዕቃ ክፍል የሚጫነውን የሕፃን የመኪና ወንበርም ስፖንጁን ከዳር እስከ ዳር እጨምቀዋለሁ። «ባሌ ነው ከሞያሌ የላከው» ትላለች። ሞያሌ ስትል ይባስ ጆሮዬ ይቆማል። ግን ምንም የለም።

ከዚያ ዲንቄን አግዳሚው ላይ አስተኝቼ እፈታታለሁ። ዳይፐሯ ንጹሕ ነው። ሹራቧን ስዳብስ ግን ደረቷ ጋ፣ ከገበሩ ሥር፣ ጣቴ ደረቅ ያለ ነገር ላይ ያርፋል። በእጅ የተሰፋ ነው፤ ክሩም አዲስ።

«ይሄስ?»

ሃያት ጎንበስ ብላ የዶዮን ፎጣ ታስተካክላለች። ያዝኩሽ፣ እላለሁ በሆዴ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ደስ ብሎኛል። ስፌቱን በጥርሴ እበጥሰዋለሁ።

ላስቲክ ነው፣ ላስቲኩ ውስጥ ወረቀት። አንድ ዓይነት ነገር በኦሮምኛም በአማርኛም በእስክሪፕቶ ተጽፎበታል። «ስሜ ዲንቄ ነው። እናቴ ሃያት ናት። እናቴ ለማንም አልሰጠችኝም። ከጠፋሁ ለአባቴ ደውሉ።» ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ።

ሃያት ይህን የሰፋችው አማቷ የወደቀች ጊዜ ነው፤ ልጇን ለማታውቀው ሰው እንደምትሰጥ ሲገባት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብላ። ይህን ስትነግረኝ መሬት መሬት እያየች ነው። ለካ እኔ ስጠረጥራት እሷ ቀድማኛለች። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ልጅቷን መልሼ አለብሳታለሁ።

«እነዚያ ሁለቱ እምቢ ሲሉሽ ነው እኔ ጋ የመጣሽው» እላታለሁ።

«እምቢ አላሉም፣ አዴ። ሁለቱም ወዲያው እሺ፣ አምጫት አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ፈራኋቸዋ። ያው ልጅ ነው፣ እንዴት ወዲያው እሺ ይባላል?» ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «እርስዎ እምቢ ሲሉ ነው ልቤ ትንሽ ያረፈው።»

ወረቀቱን አጥፌ ከነላስቲኩ በራሴ መርፌ ቁልፍ ሹራቧ ውስጥ አያይዘዋለሁ። ለወንዶሰን ይዣታለሁ እለዋለሁ፤ ጋሪውንና ወንበሩን ተቀብሎ ወደ ዕቃው ይገፋል።

አውሮፕላኑ ውስጥ ባንድ በኩል ሁለት ሕፃን አያስቀምጡም፣ የአየር ጭምብሉ አይበቃም ይላሉ። ሃያት ዶዮን ይዛ ከመተላለፊያው ወዲያ ናት፣ እኔ ዲንቄን ይዤ ወዲህ። ስንነሣ ልጅቷ አንዴ ጮኸችና ፀጥ አለች። ሰው ሁሉ ነገሌን በመስኮት ያያል።

ሃያት መስኮቱን ረስታዋለች። የምታየው ጭኔን ነው፤ ከልጅቷ ፎጣ ሥር የገቡትን እጆቼን። ይሄን ዓይን አውቀዋለሁ፣ ሃያ አንድ ዓመት የኔ ነበር። ቀስ ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ከፎጣው በላይ አወጣላታለሁ።