የመሪጌታ ምርመራ

አልታዬ የመስታወት ቱቦውን ከፈላው ውሃ አውጥታ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ባሏ መሪጌታ የስኳር መድኃኒት ካቆሙ አራተኛ ወራቸው ነበር፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ሽንት የተጨመረበት ሰማያዊ ፈሳሽ ከቀላ፣ በሽታው ተመልሷል፤ ደሴ ወርዶ መርፌ መጀመር ነው። በመሠረተ ትምህርት ባወቀችው ፊደል የሐኪሙን ወረቀት እየቆጠረች አነበበች። ሰማያዊው አልተለወጠም። ሲያስነጥሳቸው እንኳ «ተመስገን» የሚሉት ሰው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አንቱ፣ ይሄ ሽንት የማን ነው?»

«የልጃችን» አሉ አቀርቅረው። «ትናንት የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ላይ ጠጅ አብዝቼ... ቢቀላ ትደነግጫለሽ ብዬ።»

«ይሂዱ! የራስዎን ይዘው ይምጡ!»

የእሳቸውን ስታፈላ ዓይኗን ከቱቦው አልነቀለችም። አውጥታ ብታይ፣ ደግማ ብታይ፣ ያው ሰማያዊ ነው። በረጅሙ ተንፍሳ ሳቀች፤ ቱቦው ጣቶቿን እያቃጠላት እንኳ ማስቀመጥ አልፈለገችም።