የውቅያኖስ ወሬ

አቶ ባየልኝ ስልካቸውን አላነሣ ቢሏት፣ ሰርካለም ከኮኪት ከተማ በጭነት መኪና ተሳፍራ መጥታ እርሻቸው ዳር ወረደች። የአየር ጠባይ ባለሙያ ናት። ሽማግሌው ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሊደርቅ ሂላ የሚሉት ክምር ሆኖ ከቆመው ሰሊጣቸው ሥር ተቀምጠው የሸራ ቀዳዳ ይሰፋሉ።

«ውቅያኖሱ ደግሞ ዘንድሮ ምን አለሽ?» አሏት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ቀልዱ ገበያውን ያዳረሰ ነው። አምና የውቅያኖሱን ሙቀት አይታ «ጥቅምት ላይ ሊዘንብ ይችላል» ብትል፣ ሰው ሁሉ ደንግጦ ገና አፉን ያልከፈተ ሰሊጥ አራገፈ። ዝናቡ ቀረ፤ ፍሬው ግን ከአገዳው ሳይለቅ ባከነ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ አጠገቧም የሚቀመጥ የለም። በሰው መሀል ብቻን መሆን እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ነፋሱ የሞቀውን ውኃ ወደ ሶማሊያ ዳርቻ ገፍቶታል። አንዳንድ ዘመን ወዲያ ያጋድላል፣ አንዳንድ ዘመን ወዲህ። ወዲህ ሲያጋድል ዝናቡ አልሄድ ይላል። የዘንድሮው ደግሞ ካምናው የባሰ ነው። የደረቀውን ዛሬ ያራግፉት፤ የቀረውን ሸራ ያልብሱት።»

«ይዘንባል ነው ወይስ ሊዘንብ ይችላል?»

መዋሸት አማራት። አንዲት ቃል ናት።

«ሊዘንብ ይችላል» አለች።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ልጄ። ገበሬ በ‹ይችላል› አያራግፍም።» ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ሠራተኞቹም ሌላ ማሳ ላይ ናቸው፤ እሑድ ይመጣሉ። እስከዚያ ሁሉም ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ይልቅ ጠምቶሻል፣ ውኃ ልስጥሽ።»

ጠጣች፤ አመስግና ወደ መንገዱ ተመለሰች። ግራ ቀኙ ሂላ ብቻ ነው። የልጆች ትምህርት፣ የሰው ሰርግ፣ የታማሚ መድኃኒት፣ ሁሉም እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከዘነበ ይህ ሁሉ ይበሰብሳል። ካልዘነበ ከእንግዲህ እሷን የሚሰማ ሰው በዚህ አገር አይኖርም፤ ሌላ አገር ደግሞ የላትም።

ነፋሱ ድንገት ዞረና ፊቷን መታት። ከምሥራቅ ነው። ቅዝቃዜ አለው፤ የራሰ አፈር ይሸታል።

ዞር ብላ አየች፤ ሽማግሌው ሸራቸውን እየሰፉ ነው። ማንም በሌለበት መንገድ መሀል ቆመች።

«ጌታዬ» አለች፣ «ዘንድሮም አሳፍረኝ።»