የመሐንዲሱ ብየዳ

መሐንዲሱ ማሽን በቀላሉ የሚያምን ሰው አልነበረም። የፋብሪካውን ቦይለር ሳይቆርጥ የብየዳውን ውስጥ በአልትራሳውንድ አያለሁ የሚል ባለሙያ ሊዋዋል ሲመጣ፣ «መጀመሪያ እሱ ራሱ ይፈተን» አለ።

ወጥመዱን ከዋዜማው አዘጋጅቶ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት ወፍራም ላሜራዎች አጋጥሞ በገዛ እጁ በየደ፤ መሃሉን ሆን ብሎ ባዶ ትቶ ላዩን አሳምሮ ደፈነው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ኃላፊዎቹ ከበው ሲያዩ፣ ባለሙያው ብየዳውን እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ቅባት ቀብቶ በመሣሪያው ዳሰሰው። ደጋግሞ አየና፣ «ንጹህ ነው፤ እንከን የለውም» አለ።

መሐንዲሱ ሳቁ አመለጠው። «አያችሁ? ይህን አምነን ቦይለር ብንለኩስ አብረን በነደድን ነበር! ወንድሜ፣ ዕቃህን ሰብስብ።» ሰውየው «መሣሪያዬ አይዋሽም» ቢልም ሰሚ አላገኘም፤ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ከግቢው ወጣ።

«አሁን ጉዱን እዩ» ብሎ መሐንዲሱ ብየዳውን በመጋዝ አስቆረጠው። መሃሉ ድፍን ነበር፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት እንኳ አልነበረውም። ኃላፊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ይህን ጊዜ ለፈረቃቸው የገቡት ሽማግሌው የበያጆች አለቃ ጋሽ ደምሰው የተቆረጠውን ላሜራ አይተው ፈገግ አሉ። ወደ መሐንዲሱ ጠጋ ብለውም በጆሮው ሹክ አሉት፦

«ትናንት ሲበይዱ መሃሉ እንዳመለጠዎት አይቼ፣ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ፈልፍዬ ደግሜ በየድኩልዎት። አይዞዎት ኢንጂነር፣ ለማንም አልናገርም።»